የቫሪያንስ ቱቶሪያል እንዴት ይመራ? ለመምህሩም ለረዳቱም

መምህሩ ሌክቸር ላይ ያለውን ረዳቱ ቱቶሪያል ላይ ከደገመው ክፍለ ጊዜው ባከነ። ቱቶሪያል ተማሪው እጁን የሚያፍታታበት ነውና ሰሌዳው ጋ ከረዳቱ ይልቅ ተማሪው ይቁም።

አስቀድማችሁ በምልክቶች ተስማሙ። ለናሙና ቫሪያንስ (ከስብስብ የተወሰዱ ጥቂት ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደተበታተኑ ለሚለካው) መምህሩ አንድ፣ ረዳቱ ሌላ ምልክት ከጻፉ ተማሪው ሁለት የተለያየ ነገር የተማረ ይመስለዋል። ወርክሺቱንም ረዳቱ መጀመሪያ ራሱ በእጁ ይሥራው።

መነሻው ቀላል ይሁን፦ 2፣ 4፣ 4፣ 6፣ 9። አማካዩ 5 ነው። ከአማካዩ ያላቸው ልዩነት −3፣ −1፣ −1፣ 1፣ 4፤ ድምሩ 0 ካልመጣ አማካዩ ወይም አንዱ ቅነሳ ተሳስቷል። ይህን ማረጋገጫ አስለምዷቸው፤ ፈተና ላይ ነጥብ ያተርፋል። የካሬዎቹ ድምር 28 ነው፤ ለ4 ሲካፈል ቫሪያንሱ 7፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (የቫሪያንሱ ስኩዌር ሩት) 2.65 ገደማ።

«ቁጥሮቹ 5 ሆነው ለምን ለ4?» የሚል ካልተነሳ እናንተው ጠይቁ። «ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (በነፃነት ሊለዋወጡ የሚችሉ ልዩነቶች ብዛት) ነው» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም። ይልቅ 2 እና 4 ብቻ ያሉበት ፖፑሌሽን (ናሙና የሚወጣበት ሙሉ ስብስብ) ሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ ሙሉው ስብስብ ስለሆነ ለ2 ይካፈላል፣ ቫሪያንሱም 1 ነው። የወጣውን እየመለስን ሁለት ሁለት ብናወጣ የሚገኙት ናሙናዎች አራት ናቸው፦ 2 እና 2፣ 2 እና 4፣ 4 እና 2፣ 4 እና 4። ለ2 ስናካፍል ቫሪያንሶቹ 0፣ 1፣ 1፣ 0 ይሆናሉ፤ አማካያቸው 0.5፣ የእውነተኛው ግማሽ። ለ1 ስናካፍል ግን 0፣ 2፣ 2፣ 0፤ አማካያቸው ልክ 1። ልዩነቱን የምንለካው ከናሙናው ከራሱ አማካይ ስለሆነ የካሬዎቹ ድምር ያንሳል፤ አካፋዩን በ1 መቀነስ ያንን ያካክሳል።

ካልኩሌተር ሁለቱንም ስሌት ይዟል። በመጀመሪያው ምሳሌ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን 2.37 ያመጣ ተማሪ ለ5 የሚያካፍለውን ነው የተጫነው፤ ዘዴው ገብቶታል፣ ቁልፉ ነው የተሳሳተው።

እርማት ከ10፦ አማካይ 2፣ ልዩነትና ካሬ 3፣ ማካፈል 2፣ ስኩዌር ሩት 1፣ ትርጓሜ ከነመለኪያው 2። አማካዩን የሳተ ተማሪ እነዚያን 2 ብቻ ይጣ፤ ቀሪው ባገኘው አማካይ ይታረምለት። ወረቀቱን ሁሉ በጥያቄ 1 ጨርሳችሁ ወደ 2 እለፉ፤ በየመሃሉም መጀመሪያ ያረማችኋቸውን ጥቂት ወረቀቶች መልሳችሁ እዩ፤ እጅ ሲደክም መጥበቁ ወይም መላላቱ አይቀርም።