ሮቦቶች ሲደባደቡ ነጥብ አቆጣጠር ላይ የምንሳሳተው

ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ቻይና፣ ሃንግዡ ከተማ ላይ ሰው መሳይ ሮቦቶች ጓንት አጥልቀው ሪንግ ውስጥ ተቧቀሱ። ቪዲዮውን ያየ ሁሉ ወዲያው ዳኛ ሆነ። ችግሩ ብዙዎቻችን የምንቆጥረው በሰው ቦክስ ሂሳብ መሆኑ ነው።

አንደኛው ስህተት ዓይንን ጓንቱ ላይ ተክሎ መቅረት ነው። በዚያ ውድድር ደንብ ጭንቅላት ወይም ደረትና ሆድ አካባቢ ያረፈ ቡጢ 1 ነጥብ ብቻ ነው። እርግጫ ግን 3 ነው። አንዱ ሁለቴ በቡጢ ስላቀመሰው ስትጨበጭቡ ሌላው አንዴ በእግሩ ካገኘው መሪው ተቀይሯል ማለት ነው። አየር የመታ ቡጢማ አይቆጠርም፣ እሱ ደግሞ ብዙ ነበር።

ሁለተኛው፣ እኔም የተሳሳትኩበት፣ ሲወድቁ እየሳቁ ማለፍ ነው። በርግጥ ያስቃል፣ ልክ እንደ ሰካራም ነው ዘፍ የሚሉት። ግን እያንዳንዱ ውድቀት 5 ነጥብ ያስቀንሳል። እስቲ እናስላው፦ ሮቦቱ እግሩን ያነሳል፣ የተጋጣሚውን ደረት ያገኛል፣ 3 ነጥብ። በአንድ እግሩ እንደቆመ ሚዛኑን ይስትና ራሱ ይዘረራል፣ 5 ይቀነስበታል። የመታው እሱ፣ በ2 ነጥብ የከሰረውም እሱ!

ከወደቀ በኋላ ያለው ደግሞ ይብሳል። በሰው ቦክስ እስከ 10 ይቆጠራል፣ እዚህ 8 ሰከንድ ነው ያለው። በ8 ሰከንድ ካልተነሳ 10 ነጥብ ይቀነስበታል፣ ባለ 2 ደቂቃው ዙርም እዚያው ያልቃል። ለኛ መነሳት ምንም አይደለም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ32፣ ክብደቱ 35 ኪሎ ገደማ የሆነው ይሄ ማሽን ግን መጀመሪያ በፊቱ ይሁን በጀርባው እንደወደቀ ማወቅ አለበት፣ ከዚያ እግሩን ከስሩ ሰብስቦ፣ በክንዱ ተደግፎ፣ ሳይንገዳገድ ቀጥ ማለት፣ ይሄ ሁሉ ጓንት ባጠለቀ እጅ። ለኔ ከየትኛውም ቡጢ ይልቅ የሚያስደንቀው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ሲወድቅ ሰዓታችሁን እዩ።

ሌላው፣ «ይሄኛው ሮቦት ጎበዝ ነው» ማለት። አራቱም ቡድኖች ያሰለፉት አንድ ዓይነት ሮቦት ነው፣ ዩኒትሪ የሚባለው የቻይና ኩባንያ የሠራው ጂ ዋን። ሚዛኑን የሚጠብቀው ሮቦቱ ራሱ ነው፣ መቼ ይምታ መቼ ይሽሽ የሚለውን ግን ሪሞት የያዘ ሰው ነው የሚያዘው። ስለዚህ አንዱ ዝም ብሎ ሲገተር ማሽኑን ከመስደባችሁ በፊት ከሪንጉ ውጪ የቆመውን ልጅ ጣቶች ተመልከቱ።

ደግሞ ይሄን ሂሳብ ይዛችሁ ሁሉም ውድድር ላይ አትሂዱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ቤጂንግ ላይ በተካሄደው የሰው መሳይ ሮቦቶች ጨዋታም ፍልሚያ ነበር። ከጓደኛ ጋር ከመወራረዳችሁ በፊት የዕለቱን ደንብ አንብቡ።