ከጀርባ ሲወርድ እንዳይነቃ፦ ለትንንሽ ልጆች የመኝታ ዕቃ አሠራር በባሕር ዳር

ልጅ ማታ አልተኛም ሲል ብዙ ሰው የሚያስበው ዕቃ መጨመርን ነው፤ የሚዘፍን አሻንጉሊት፣ ጣሪያ ላይ ኮከብ የሚያሳይ መብራት፣ ትልቅ ድብ። አብዛኞቹ እንቅልፉን ያባርሩታል እንጂ አያመጡትም። ጥሩ የመኝታ ዕቃ ሥራው አንድ ነው፤ ልጁን ከእንቅልፍ የከለከለውን ነገር ማንሳት። ስለዚህ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ዕቃው የሚገባበትን ቤት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ምሽት ቁጭ ብላችሁ እዩ። የከተማው ሽምብጥም ሆነ የጣና ዳሩ ዘጌ የምታዩት ብዙም አይለያይም፤ ልጁ የሚተኛው ራት በሚበላበት፣ ቴሌቪዥን በሚታይበት፣ እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል ነው። ለብቻው የተለየ የልጆች ክፍል አስባችሁ የሠራችሁት ዕቃ እዚህ አይሠራም።

ሰዓቱንም ወደኋላ ቁጠሩ። ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ደግሞ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት። የሦስት ዓመት ልጅ 12 ሰዓት ተኩል ጠዋት ላይ የሚቀሰቀስ ከሆነና ቀን አንድ ሰዓት ካሸለበ፣ መካከለኛውን፣ 11 ሰዓት ተኩል፣ እንዲያገኝ 2 ሰዓት ምሽት ላይ ተኝቶ መገኘት ይኖርበታል። ራት 2 ሰዓት ተኩል በሚቀርብበት ቤት ችግሩ የዕቃ ሳይሆን የራት ነው፤ ይህንን ለቤተሰቡ ፊት ለፊት ንገሩ።

የመኝታ ከረጢት

እናት ልጁን በአንቀልባ አዝላ እሹሩሩ ስትል ይተኛል፤ ፍራሽ ላይ ሲወርድ ዓይኑን ያፈጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሙቀቱ፣ ጭብጥ አድርጎ የያዘው ጨርቅ፣ ንቅናቄውና የእናቱ ጠረን በአንድ ጊዜ ጠፉበት። አራቱንም መመለስ አይቻልም፤ ጨርቁንና ሙቀቱን ግን ማቆየት ይቻላል። ልጁ ከመታዘሉ በፊት የሚለብሰውና ሳይወልቅ አብሮት ፍራሽ ላይ የሚወርድ፣ እጅጌ የሌለው ከረጢት ስፉ። ጋቢም ቢሆን ክፋቱ ልቅ መሆኑ ነው፤ ሌሊት ፊት ላይ ይወጣል፣ ወይ ተገፍቶ ይወድቅና ልጁ በብርድ ይነቃል። ተሰፍቶ ሲለበስ ሁለቱም ይቀራሉ።

ሲታዘል እግሩ ስለሚከፈት ከረጢቱ ከታች መከፈት አለበት። ከፊት ከአንገት እስከ እምብርት የፕላስቲክ ዚፕ፣ በታችኛው ጠርዝ ላይ ጠቅ ብለው የሚዘጉ 6 ቁልፎች አድርጉለት። ሲታዘል ቁልፎቹ ተፈትተው ጨርቁ እስከ ወገቡ ይጠቀለላል፤ ሲወርድ ይዘጋሉ። ከስር ያለው ቁልፍ ሲዘጋ ልጁ እንዳይነቃ ድምፁ ለስላሳ የሆነውን ምረጡ፤ ገበያ ውስጥ ቆማችሁ እየከፈታችሁ እየዘጋችሁ ስሙት።

ልኩ እንዲህ ነው፦ ርዝመቱ ከትከሻ እስከ ተረከዝ ሲደመር 12 ሳንቲ ሜትር፤ የደረቱ ዙሪያ ሲደመር 10፤ የታችኛው ጠርዝ ዙሪያ ከደረቱ ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ዳሌና ጉልበቱ እንደ ልብ እንዲታጠፍ። አንገቱ ላይ ግን አትቸሩ፤ የአንገቱ ዙሪያ ሲደመር 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ዚፑን ዘግታችሁ ከረጢቱን በትከሻው ወደ ላይ ሳቡት፤ ጨርቁ አፉ ጋ ከደረሰ ወይም አገጩ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ያ ከረጢት አይሸጥም፣ ይፈታል። «ልጅ ያድጋል» ተብሎ አስፍቶ መስፋት ለሸሚዝ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ዕቃ ግን አደጋ ነው።

የሸማኔ ጨርቅ ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለት ጊዜ በሙቅ ውኃ እጠቡት። አንድ ሜትር ለክታችሁ በብዕር አመልክቱ፣ ከታጠበ በኋላ ደግማችሁ ለኩ፤ የተሰበሰበው ያህል በኋላ አንገቱን ያጠብበው ነበር። ሽመናው ልል ስለሆነ ሁለት ነገር ይበላሻል። ጠርዙ ይተረተራል፤ ስለዚህ 1.5 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ትታችሁ በኦቨርሎክ፣ ጠርዝ በሚይዘው ስፌት፣ ያዙት። ቁልፉ ደግሞ ጨርቁን ቀዶ ይወጣል፤ ከኋላው 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፖፕሊን (ጠበቅ ብሎ የተሸመነ ስስ ጨርቅ) ቅዳጅ ደርቡ። ከዚያ ቁልፉን በመንጠቆ ሚዛን 9 ኪሎ እስኪያሳይ ጎትታችሁ 10 ሴኮንድ ያዙ። የወለቀ ቁልፍ ልጁ አፍ ውስጥ ይገባልና ይህ ፈተና ለእያንዳንዱ ከረጢት ነው፣ ለናሙና ብቻ አይደለም። ከውስጥ የተንጠለጠለ ክር ሁሉ ይቆረጥ፤ አንዲት ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥማ ደም ልታቆም ትችላለች። ጥለት ካማራችሁ ከታች ጠርዙ ላይ አድርጉት፤ የሚያብለጨልጨው ክር አንገት ላይ ይኮሰኩሳል፣ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል።

ውፍረቱን የሚወስነው ቴርሞሜትር ነው። የክፍሉ ሙቀት ከ24 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እንደሚሆነው፣ አንድ ንብርብር ፖፕሊን ይበቃል። ከ20 እስከ 24 ሁለት ንብርብር። የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ከዚያ ሲወርድ በመካከሉ ስስ ባዘቶ ይግባ፤ ባዘቶው በየ8 ሳንቲ ሜትሩ በስፌት ካልተያዘ በመጀመሪያው እጥበት እግሩ ስር ይቋጠራል። ሙቀቱ በዝቶበት እንደሆነ ማጅራቱን ዳስሱ፤ ካላበው አቅልሉለት። እጅና እግሩ መቀዝቀዙ ምንም አይናገርም።

ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ልቅ ብርድ ልብስና ያለ አሻንጉሊት ይተኛል። የሚከብድ ነገር የተሰፋበት ብርድ ልብስ ደንበኛ ቢጠይቃችሁም ለሕፃን አትሥሩ።

መብራት

የልጅ ዓይን ከአዋቂ ይልቅ ብዙ ብርሃን ያስገባል፤ ነጩ አምፖልና የስልክ ስክሪን ደግሞ አንጎሉን «ገና ቀን ነው» ይሉታል። ለሌሊት የሚሆነው ወደ ብርቱካንማ ወይም ቀይ የሚያደላ፣ በጣም ደካማ ብርሃን ነው። ለሐይቅ ዳር ሌላም ጥቅም አለው፤ ከነጭ ብርሃን ያነሰ ነፍሳት ይስባል።

3 ባለ 5 ሚሊ ሜትር ብርቱካንማ ኤልኢዲ (ትንንሽ አምፖል)፣ ለእያንዳንዱ የየራሱ 220 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገታ)፣ 3.7 ቮልት የሚሞላ ሊትየም ባትሪ ከመከላከያ ሰሌዳው ጋር ያዙ። ሦስቱን ኤልኢዲ በአንድ ሬዚስተር ማስተዳደር ያስመኛል፤ አንዱ ሲደምቅ ሌላው ይደበዝዛል፣ የደመቀውም ቶሎ ይሞታል። እንዲህ ሲገናኝ በጠቅላላው 23 ሚሊ አምፔር ገደማ ስለሚወስድ፣ 1200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ አራት ሌሊት ይዘልቃል። መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ መብራት ማለት ነው፤ በድንገት የመጣ ጨለማ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ያለን ልጅ አስደንግጦ ይቀሰቅሰዋል። ባትሪው ቀን ይሞላ፣ አልጋ ላይ ፈጽሞ አይሞላ፤ ክዳኑም በብሎን ይታሰር።

ሽፋኑ ቅል ቢሆን ያምራል፤ ከውስጥ በደንብ ይፋቅና ይድረቅ፣ አለዚያ ይሻግታል። መብራቱ ከፍራሹ ከፍታ ዝቅ ብሎ ከጎን ይቀመጥ፣ ፊቱም ወደ ግድግዳ ይዙር። ከዚያ ልጁ ራሱን በሚያሳርፍበት ቦታ ጋደም ብላችሁ ጋዜጣ ዘርጉ፤ ፊደሉ ከተነበበ በዝቷል፣ አንድ ኤልኢዲ ቀንሱ።

አጎበር

ከክረምት መውጫ ጀምሮ ወባ በሚበረታበት ጊዜ አጎበር የማይገባበት ምንም የመኝታ ዕቃ አትንደፉ። መድኃኒት የተነከረውን አትቁረጡት፣ አትስፉትም፤ ሥራችሁ መስቀያው ነው። አከራይ ምስማር በሚከለክልበት ቤት ከአራት የቀርከሃ ቋሚና ከላይ ከሚያያይዛቸው ክፈፍ የሚሠራ፣ ፍራሹን በአራቱም በኩል በ15 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ መቆሚያ ይሻላል። ትርፉ ለውበት አይደለም፤ ልጁ ክንዱን አጎበሩ ላይ ካስደገፈ ትንኟ ከውጭ ሆና ትነድፈዋለች። አዲስ አጎበር መጀመሪያ አንድ ቀን ጥላ ላይ ይናፈስ፤ ሲታጠብም ፀሐይ አያግኘው። የማሰሪያ ገመድ ከ20 ሳንቲ ሜትር አይርዘም፣ ልጁ እጅ በማይደርስበት በኩል ይቋጠር።

የሥዕል መቀነት

ከ2 ዓመት በላይ ላለ ልጅ 12 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጨርቅ መቀነት ላይ አራት ሥዕል በተርታ ይሰፋል፦ ራት፣ መታጠብ፣ ሽንት፣ ተረት። በየሥዕሉ ላይ የሚገለበጥ ክዳን ይኑር፤ ልጁ ያለቀውን ራሱ ይሸፍናል። ቅደም ተከተሉ በየምሽቱ አንድ ካልሆነ መቀነቱ ጌጥ ነው። «አንድ ብቻ ድገሚልኝ» ለሚል ልጅ የተረቱ ክዳን ስር ኪስ አድርጋችሁ ሁለት ወፍራም የጨርቅ ክብ አስገቡ፤ አንድ «ተረት ተረት» ሲባል አንዱ ይወጣል፣ ልጁ «የላም በረት» ይላል፣ ኪሱ ባዶ ሲሆን ተረትም አለቀ። ክቡ ከ5 ሳንቲ ሜትር አይነስ፣ እንዳይውጠው።

ሙከራ

አምስት ወይም ስድስት ቤት ስጡ፣ 14 ሌሊት። የመጀመሪያዎቹ 5 ያለ ዕቃው ይለፉ፤ እናቲቱ የተጋደመበትን ሰዓት፣ የተኛበትን ሰዓትና ስንቴ እንደነቃ ብቻ ትመዝግብ። እነዚህ አምስት ሌሊቶች ከሌሉ በኋላ የሚነገራችሁ «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ነው፤ ሰው ስጦታን አያማም። የጥምቀት ወይም የፋሲካ ሰሞን አትጀምሩ፣ ልጅ ሁሉ ያመሻል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሌሊቶች በዕቃው አዲስነት ብቻ ሊበላሹ ይችላሉ፤ ለብቻ ቁጠሯቸው። ማታ ቡና የሚፈላበት ቤት ከሆነ የእጣኑን ጢስ አስመዝግቡ፤ አንዳንዱ ሳል ከዚያ ነው። የሚያንኮራፋ፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ልጅ ከሙከራው ወጥቶ ሐኪም ይየው።

ከረጢቱ ጎን ላይ በአማርኛ ትንሽ ምልክት ስፉበት፦ የልጁ ክብደትና ቁመት ከስንት እስከ ስንት፣ ለየትኛው የክፍል ሙቀት፣ በምን ውኃ እንደሚታጠብ፣ አንገቱ ሲጠብበት ወይም ቁልፍ ሲላላ አውጡት የሚል። ጽሑፉ በክር ይጠለፍ፤ በቀለም የታተመው በእጥበት ብዛት ይደበዝዛል።