ባትሪው አዲስ፣ መኪናው አይነሳም፦ የጭነት መኪና ባትሪ ገመድ ችግርና መፍትሄ

የጭነት መኪና አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው ባትሪ ነው። እዚህ አገር የምናውቃቸው ኤንፒአር፣ ኤፍኤስአርና ሲኖትራክ በ24 ቮልት ነው የሚሠሩት። ባትሪ ቀይሩ ማለት ሁለት ባትሪ ግዙ ማለት ነው፤ ዋጋውን ባለመኪናው ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከባትሪው ወደ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) የሚሄደው ወፍራም ገመድ ላይ ነው። እሱን ለማጣራት ደግሞ አንድ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) እና ቁልፍ የሚያዞር ረዳት ይበቃል።

«ጠቅ» ብሎ ዝም ሲል

የጋቢናውን መብራት አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ድርግም ካለ ወይም ሞተሪኖው «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለ ከተርገበገበ፣ ወይ ባትሪው ባዶ ነው፣ ወይ የባትሪው ተርሚናል (ገመዱን ከባትሪው ራስ ጋር የሚያስረው) ላልቷል። መብራቱ ሳይደበዝዝ አንዴ ብቻ «ጠቅ» ካለ ግን ኃይሉ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም። ወይ ገመዱ ነው፣ ወይ ራሱ ሞተሪኖው።

ተርሚናሉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጡና እጠቡት። ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ ጠብቀው ይዘጉ። ለስላሳ መጠጥ ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ ዱቄቱን ያነሳል፣ ነገር ግን እሱም አሲድና ስኳር ስለሆነ በውሃ ካላለቀለቃችሁት ሌላ ጣጣ ነው። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጉት፣ አጥብቁት፣ ግሪሱን ከላይ ቀቡት።

አሁን ከገመዱ ጫፍ ቀለበት ጀርባ ያለውን ጎማ ትንሽ ላጥ አድርጋችሁ እዩ። መዳቡ ቀይ ከሆነ ጥሩ። ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ግን አሲዱ እየተሳበ ወደ ውስጥ ገብቷል። እሱን ፈትጎ ማዳን አይቻልም፤ ይቀየራል።

እየጎተተ ሲያዞር

ባትሪው ሙሉ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲለኩ 25 ቮልት ከምናምን ያሳያሉ። ሞተሪኖው ግን እያቃሰተ ነው የሚያዞረው፣ በተለይ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርድ አገር ጠዋት ላይ። እዚህ ጋ ነው ቴስተሩ የሚያስፈልገው።

ማርሹን ነጻ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ እጃችሁን ከቬንትሌተሩ (ከሞተሩ ማራገቢያ) አርቁ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የሞተሪኖው ገመድ በሚነሳበት ባትሪ ፖዘቲቭ ራስ ላይ አድርጉ። ተርሚናሉ ላይ ሳይሆን እርሳሱ ላይ። ሌላውን ሞተሪኖው ላይ ገመዱ የታሰረበት ብሎን ላይ። ረዳቱ ቁልፉን ሲያዞር የምታነቡት ቁጥር መንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። ከ0.5 ከበለጠ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ችግር አለበት። ኔጌቲቩንም እንዲሁ፦ ወደ ሻሲው (የመኪናው የብረት አካል) ከሚሄደው የባትሪ ኔጌቲቭ ራስ እስከ ሞተሩ ብረት። ሁለቱን ባትሪዎች የምታገናኘዋንም አጭር ገመድ አትርሱ። አጭር ናት ተብሎ በቀጭን ሽቦ ስትተካ እናያለን፤ የሚያልፍባት ኃይል ግን ያው ነው። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አታሠሩት፣ ይቃጠላል።

ገመዱ ሲግል

ጫፉ ብቻ ከጋለ ማሰሪያው ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከጋለ ገመዱ ቀጥኗል። የነዳጅ ወይም የማርሽ ኬብል ከጋለ ወይም ከጨሰ ደግሞ ሞተሩን ከሻሲው ጋር የሚያገናኘው ኔጌቲቭ ተበጥሷል ማለት ነው፤ ኃይሉ መመለሻ ሲያጣ ያገኘውን ብረት ይዞ ይሄዳል። ይህ እሳት ስለሚያስነሳ ለነገ አይባልም።

ሲገዛ

የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስትሄዱ በውጭ ጎማው ውፍረት አትታለሉ፤ የሚቆጠረው የመዳቡ ውፍረት ነው። ደርሶ መልስ 4 ሜትር የሆነ ባለ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ 500 አምፔር ሲያልፍበት 0.7 ቮልት ገደማ ይበላል። ባለ 25 ከሆነ እጥፉን። ስለዚህ ከፋብሪካው ከመጣው አትቀንሱ፤ ባትሪው ሩቅ ከሆነ ጨምሩ።

አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጉ። ውስጧ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ርካሽ ቢሆንም ለሞተሪኖ አይሆንም። ክሮቹም እንደ ብየዳ ገመድ የቀጠኑና የበዙ ይሁኑ። ወፍራም ክር ያለው የቤት መብራት ገመድ በንዝረት ይሰበራል። ጫፉ ላይ የሚገባው ቀለበት በመጭመቂያ ማሽን ይጨመቅ። በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተሠራ ከወራት በኋላ ይላላል።

ሲቀየር

መጀመሪያ በስልክ ፎቶ አንሱ። የድሮውን መንገድ በሲባጎ ለኩ፤ ሞተሩ ስለሚወዛወዝ ትንሽ ትርፍ ተዉ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ሲፈታ ወደ ሻሲው የሚሄደው ኔጌቲቭ ይቀድማል፣ ሲታሰር እሱ መጨረሻ ነው። አለዚያ ፖዘቲቩን ስትፈቱ መፍቻው ሻሲውን ቢነካ እዚያው ይበየዳል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተቀያየረ ባትሪውን የሚሞላው የዲናሞው ዳዮድ ወዲያው ይቃጠላል። ገመዱን ከማርሚታ (የጭስ ማውጫ) እና ከነዳጅ መስመር አርቁ፤ ስለታም የሻሲ ጠርዝ የሚያልፍበት ቦታ ጎማ አልብሱት።

አንዱ ባትሪ ብቻ ሲደክም

ይህ ገመድ በመቀየር አይድንም። ብዙ ጊዜ ለቴፕና ለስልክ ቻርጀር ተብሎ ከአንዱ ባትሪ 12 ቮልት ተጠልፎ ነው። የተጠለፈው ባትሪ ሞልቶ አያውቅም፣ ሌላው ከመጠን በላይ እየተሞላ ውሃው ይፈላል። ጠለፋውን አንሱና ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር አስገቡ። ባትሪዎቹ ከተጎዱም ሁለቱን አንድ ላይ ቀይሩ።