የአየር ንብረት ሲለወጥ የሲ3፣ የሲ4 እና የካም ዕፅዋት ስርጭት ወዴት እንደሚያዘነብል እንዴት ይገመታል?

አንድ አካባቢ ሲሞቅ የትኛው ዕፅ እንደሚስፋፋና የትኛው እንደሚያፈገፍግ መገመት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሙቀት ካርታ ዘርግቶ ይጀምራል። መነሻው ግን ቅጠሉ ቢሆን ይሻላል፤ አንዱን ዕፅ የሚጠቅመው ሙቀት ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሌላ መንገድ የሚይዘውን ዕፅ ሊጎዳ ይችላልና። ሲ3፣ ሲ4 እና ካም የሚባሉት ዕፅዋት ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዙባቸው ሦስት መንገዶች ናቸው።

በቅድሚያ የቦታውን ዋና ዋና ዕፅዋት በብርሃን አስተፃምሮ መንገዳቸው ይለዩ። ዛፎች ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ እንዲሁም ስንዴ፣ ገብስ፣ ሩዝና ባቄላ የሲ3 ወገን ናቸው፤ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ሸንኮራ አገዳና አብዛኞቹ የቆላ ሣሮች ደግሞ የሲ4። ያልታወቀ ሣር ሲያጋጥም ቅጠሉን በስሱ አግድም ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ይመልከቱ፤ ሲ4 ከሆነ ጅማቶቹ ተቀራርበው፣ እያንዳንዳቸውም በትላልቅ አረንጓዴ ሴሎች እንደ ቀለበት ተከበው ይታያሉ። ላቦራቶሪ ካለ የካርቦን አይሶቶፕ ልኬት (በቅጠሉ ውስጥ ያለው ከባድ ካርቦን ከመደበኛ ናሙና በሺህ ስንት እንደሚያንስ የሚያሳይ) ጥርጣሬውን ይቆርጣል፤ የሲ3 ቅጠል -27 በሺህ፣ የሲ4 ደግሞ -13 በሺህ አካባቢ ያሳያል።

ካምን ለመለየት ይህን ያህል መሣሪያ አያስፈልግም። እንደ እንዳሁላ ካለ ሥጋማ ቅጠል ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ጭማቂ ወስደው በአሲድ መለኪያ ወረቀት ላይ ጠብ ያድርጉ። የንጋቱ ጭማቂ በግልጽ ይበልጥ አሲዳማ ከሆነ፣ ዕፁ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ሌሊት ከፍቶ ያስገባውን ካርቦን በማሊክ አሲድ መልክ አከማችቷል ማለት ነው። (የካም ስያሜ ራሱ የተወሰደው እንዳሁላ ከሚመደብበት የዕፅዋት ቤተሰብ ሳይንሳዊ ስም ነው።)

ቀጥሎ ሁለት ተፃራሪ ኃይሎችን ይመዝኑ። ሙቀት ሲጨምር በቅጠሉ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈንታ ኦክሲጅን መያዝ ያበዛል፤ ይህ ብክነት ሲ3ን ሲያዳክም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሩቢስኮ ዙሪያ የሚያከማቸው ሲ4 ግን እምብዛም አይነካም። በአንጻሩ የከባቢ አየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 280 ያህል ተነሥቶ ዛሬ 420 ማለፉ የሲ3ን ብክነት ስለሚቀንስ የሲ4ን ብልጫ ያጠብባል። የወሩ አማካይ ሙቀት ከ22 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የወሩም ዝናብ ከ25 ሚሊ ሜትር ሲበልጥ ሲ4 ሣር ያይላል የሚለው የታወቀ መለኪያ የተሰላው የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን በሚሊዮን 350 አካባቢ በነበረበት ጊዜ ነው። መጠኑ ሲያድግ ወሰኑም ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ 22ን እንዳለ ለመጪው ዘመን ካርታ መጠቀም ከባድ ስሕተት ነው።

ዝናቡንም በዓመት ድምር ሳይሆን በወር በወር ይቁጠሩት፤ ዝናብ በሞቃቱ ወቅት ሲጥል ሲ4ን፣ በቀዝቃዛው ወቅት ሲጥል ሲ3ን ያግዛልና። ለካም ዕፅዋት ደግሞ ከአማካዩ ሙቀት ይልቅ ዝቅተኛውን የሌሊት ሙቀት ይመልከቱ፤ ብዙዎቹን የሚያግዳቸው ውርጭ ነው። እሳትና ግጦሽም አይዘንጉ፤ እሳት በቀነሰበት ሳቫና (ዛፎች ተበታትነው በሚገኙበት የሣር ምድር) የሲ3 ዛፍ ችግኞች በሲ4 ሣር መካከል አምልጠው ያድጋሉ።

በመጨረሻ ግምትዎ የሚያገለግልበትን ዘመን ወስነው ይጻፉ። በአሜሪካ ሚኒሶታ በ1998 (እ.ኤ.አ.) በተጀመረ የመስክ ሙከራ ላይ የተጨመረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለ12 ዓመታት እንደተጠበቀው የሲ3 ሣሮችን ሲጠቅም ቆይቶ፣ በቀጣዮቹ 8 ዓመታት ጥቅሙ ወደ ሲ4 ዞሯል፤ ሙከራው በአሥረኛው ዓመት ቢቆም ኖሮ ይህ ባልታየ ነበር።