የኢንጂነር ፖለቲከኛን የሥራ ታሪክ እንዴት እንመርምር?

አንድ ፖለቲከኛ ኢንጂነር ነው ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው ያምነዋል። እናንተ ግን በዲግሪው ብቻ አትፍረዱ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪውን የኬቤክ ልጅ፣ ካናዳዊውን ማርክ ጋርኖን ይዘን እንየው። የሱ ታሪክ እኛንም ይነካናል።

መጀመሪያ ከፖለቲካ በፊት የሠራውን በዓመት በዓመቱ ጻፉ። ጋርኖ በ1973 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ለንደን ውስጥ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ዶክትሬቱን ያዘ፣ ባሕር ኃይል ሠራ፣ በ1984 ወደ ጠፈር የሄደ የመጀመሪያው ካናዳዊ ሆነ። በኋላም የአገሩን የጠፈር ኤጀንሲ መራ።

ከዚያ ሽንፈቱን ፈልጉ፤ አድናቂዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ጋርኖ በ2006 (ይህም በፈረንጅ) ተወዳድሮ ተሸነፈ። በ2008 ሞንትሪያል ላይ አሸንፎ ፓርላማ ቢገባም፣ የትራንስፖርት ሚኒስትር እስኪሆን ድረስ ሰባት ዓመት ተቃዋሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ዋናው ሥራ ግን ሙያውና ሥልጣኑ የተገናኙበትን ቀን ማግኘት ነው። በኛ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 2011 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ኢቲ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ፤ 18ቱ ካናዳውያን ነበሩ። ያው ዓይነት ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከወራት በፊት ኢንዶኔዥያ ላይም ወድቆ ነበር። ጋርኖ በአደጋው ማግስት እኔ ራሴ ሳላመነታ እሳፈርበታለሁ ብሎ ነበር፤ ቻይና አገደች፣ አውሮፓም አገደ፣ እሱ ግን ገና አላገደም። መጋቢት 4 ጠዋት የሳተላይት መረጃ ደረሰው፤ የኛ አውሮፕላን ከተነሳ በኋላ ከፍ ዝቅ ያለበት ሁኔታ ከኢንዶኔዥያው ጋር ይመሳሰላል። የዚያኑ ቀን ማክስን ከካናዳ ሰማይ አገደ፣ አሜሪካም ከሰዓታት በኋላ ተከተለች።

እዚህ ጋ ሁለቱንም መዝግቡ። መረጃ አይቶ አቋሙን መቀየሩ የኢንጂነር ሥራ ነው። ግን ሕዝብ የሚሳፈርበት ነገር ሲሆን ማስረጃ ማቅረብ ያለበት ይበር የሚለው ወገን ነው፤ ስለዚህ እኔ ቀድሞ ማገድ ነበረበት ባይ ነኝ።

ወደ ኋላም ሂዱ። አውሮፕላኑን ማን አጸደቀው? የጋርኖ መሥሪያ ቤት በአሜሪካኖቹ ፍተሻ ተመርኩዞ ነበር። የካናዳ ፓርላማ የትራንስፖርት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ የሟች ቤተሰቦች የተናገሩትን ሳታነቡ አትለፉ። የኬቤክ ጋዜጦችን ደግሞ በፈረንሳይኛ ፈልጉ፣ ቋንቋውን ባትችሉም በመተርጎሚያ አንብቡ። የጋርኖን ስም ከማክስ ጋር አያይዛችሁ ከመጋቢት 2019 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጀምሩ።