የጎልፍ ዱላ መሰንጠቁን በጥጥ ማወቅ

የግራፋይት (ከካርቦን ክር የተሠራ) ዘንግ ያለው ዱላ መሰንጠቅ ሲጀምር በዓይን ብዙም አይታይም፤ ቀለሙ ይሸፍነዋል። ፒያሳም ሆነ ስታዲየም አካባቢ ካለ ፋርማሲ ተራ ጥጥ ግዙ። ዘንጉን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ቁራጭ ጥጥ በስሱ አልብሳችሁት ከመያዣው እስከ ጭንቅላቱ ሳብ አድርጉ፤ ዱላውን እያዞራችሁ ድገሙት። የተበጠሰ የካርቦን ክር ካለ ጥጡን ይዞ ያስቀራል። በባዶ ጣት ግን አትሞክሩት፤ ስንጣሪው ቆዳ ውስጥ ከገባ ለማውጣት አስቸጋሪ ነው።

ጥጥ የቀረበትን ቦታ በጥፍር ፈትሹ። ከቦርሳው አፍ ጋር ሲፋተግ ቀለሙ ብቻ ተልጦ ከሆነ ግድ የለም። ጥፍር የሚይዝ መስመር ካለው ግን ያ ዘንግ አብቅቶለታል። ፕላስተር መጠቅለል ዋጋ የለውም፤ ሲመታበት ተሰብሮ ጭንቅላቱ ሰው ላይ ሊወረወር ይችላል።

ለብረት ዘንግ ይህ አይሠራም። እሱን ብርሃን ላይ አጋድማችሁ ዝገትና የጎደጎደ ቦታ ፈልጉ፣ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ። ጭንቅላቱን ይዛችሁ ስትጠመዝዙት ቀጭ ካለ ደግሞ ማጣበቂያው ለቋል ማለት ነው፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ በሚውል መኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ የሚከርም ዱላ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።