አስራቱን ከፈልን፣ መታዘዙስ?

አስራቱን ደመወዝ በገባ ቀን የሚያወጣ፣ ለሕንፃ የገባውን ቃል በጊዜው የሚጨርስ፣ ግን ባሕርዩ ከዓመት ዓመት ንቅንቅ የማይል ክርስቲያን ሁላችንም እናውቃለን። መስጠት ያሳድጋል፣ እውነት ነው። ከመታዘዝ ከተነጠለ ግን ሰውየውን ያደገ እንዲመስለው ብቻ ያደርገዋል። ስህተቶቹን እስቲ እንያቸው።

ትልቁ ስህተት ስጦታን የመታዘዝ ምትክ ማድረግ ነው። ንጉሥ ሳኦል የአማሌቅን ሁሉ አጥፋ ተብሎ ሳለ ምርጥ ምርጡን በግና በሬ አስቀርቶ ነቢዩ ሳሙኤል ሲይዘው፣ «ሕዝቡ ለእግዚአብሔር ሊሠዋው ነው ያስቀረው» አለ። መልሱን በቃላችን እናውቀዋለን፤ መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል። ዛሬ በሬ አናስቀርም፤ የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ ይዘን ግን እሁድ ፖስታ እናስገባለን፣ ከወንድማችን ጋር በውርስ ቤት ተካሰን ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ለመዘምራን ልብስ እናሰፋለን። ያዕቆብ 5፥4 የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል ይላል። ማቴዎስ 5 ላይ ጌታ መባህን እዚያው ተውና መጀመሪያ ታረቅ፣ ከዚያ መጥተህ አቅርብ ነው ያለው። መባውን አልከለከለም፣ ቅደም ተከተሉን አስተካከለ። ስለዚህ የልጅቷ ደመወዝ ዛሬ ይከፈላት፣ ለወንድምም ይደወል።

ሁለተኛው መስጠትን ንግድ ማድረግ ነው። «ሺህ ዝራ፣ ቪዛህን እጨድ» ዓይነት ነገር። ሚልክያስ 3 ሁልጊዜ ይጠቀሳል፣ ግን እዚያው ቁጥር 10 ላይ አስራቱ የሚገባው «በቤቴ መብል እንዲኖር» መሆኑን የሚያነብልን ጥቂት ነው። ዘዳግም 14 ደግሞ በየሦስት ዓመቱ አስራቱ ለሌዋዊው፣ ለመጻተኛው፣ ለድሃ አደጉና ለመበለቲቱ ይሁን ይላል። ሰጪ አይባረክም እያልኩ አይደለም፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 9፥11 ላይ ጳውሎስ መባረኩን ይናገራል፣ ግን አሁንም እንድትለግሱ ነው የሚለው። በተለይ ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ ላይቭ ላይ ስምሽን ጠርቶ ትንቢት ነግሮሽ ሲያበቃ የአካውንት ቁጥር የሚልክልሽን ሰው ብሎክ አድርጊው። ጠንቋዩ ሲሞን የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሲመጣ ጴጥሮስ ገንዘብህ ከአንተ ጋር ይጥፋ ነው ያለው። አካውንት አልሰጠውም።

እናትና አባትን እየበደሉ መስጠትም አለ። ማርቆስ 7 ላይ ጌታ «ቁርባን ነው» (ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው) እያሉ ለወላጆቻቸው የሚገባውን የሚያስቀሩትን ሰዎች ወቅሷል። የእማማ የደም ግፊት መድኃኒት አልቆ ሳለ የሚገባ መባ ማንንም አያስደስትም።

ከዚያ ደግሞ የኮንፈረንስ ሙቀት። መዝሙሩ ሲግል እጅ ይወጣል፣ የሌለ ገንዘብ ቃል ይገባል፣ ከዚያ ብድር፣ ከዚያ ደግሞ ፓስተሩን መሸሽ። 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥12 የሚጠይቀን ባለን መጠን ነው እንጂ በሌለን አይደለም። መሬት ሸጠው ከዋጋው የደበቁት ባልና ሚስት ሐናንያና ሰጲራም የተቀጡት ሙሉውን ስላልሰጡ ሳይሆን ስለዋሹ ነው፤ ጴጥሮስ ራሱ ሐናንያን ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በእጅህ አልነበረምን ብሎታል። የሚሻለው 1ኛ ቆሮንቶስ 16፥2 ላይ ያለው ነው፣ በየሳምንቱ መጀመሪያ እንደ እቁብ ለብቻ ማስቀመጥ። ስሜት ሲመጣ ብሩ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ተቃራኒው «ሲተርፈኝ እሰጣለሁ» ነው። በዚህ ኑሮ ውድነት የሚተርፈው ማነው? የመቄዶንያ አማኞች የሰጡት ከድህነታቸው ነበር። አስራቱ የሚሰላው ከግብር በፊት ነው ከግብር በኋላ የሚለው ክርክር ደግሞ (በየወሩ የሚነሳ!) ብዙ ጊዜ ላለመስጠት የሚፈለግ ሰበብ ነው። ወስኑና ስጡ።

የመጨረሻው ገንዘቡ የት ገባ ብሎ መጠየቅን እንደ ዓመፅ ማየት ነው። «የቀባውን አትንካ» ሲባል ዝም እንላለን። ጳውሎስ ግን ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘውም፤ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ ከባልደረባው ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም እንዲሄድ አደረገ። ሐዋርያ ይህን ካደረገ፣ የእኛ ሽማግሌዎችም በዓመት አንዴ ኦዲት የተደረገ ሪፖርት ቢያነቡልን ነውር የለበትም። በአክብሮት፣ በአባላት ስብሰባ ላይ፣ እጅ አውጥታችሁ ጠይቁ።